አባባ ይሙት ብለሽ ማይልኝ

ይድረስ ለእታለሜ ለአዳነች፤

እንደምን ከርመሻል እታለሜ? ጤናሽ እንዴት ነው? ክረምት ሲገባ የሚነሳብሽ የጉልበት ቁርጥማትስ ዘንድሮ እንዴት አደረገሽ? ባለቤትሽ ሀይለየሱስ ደህና ነው ወይ? ልጅሽ ሲፈን ፈተናዋን እንዴት ሆነች? ወንድማችን ዓለምሰገድ ይደውልልሻል ወይስ እንደ ልማዱ ጠፍቷል? አባባስ? አባባስ እንዴት ነው? አንድ ባንድ የምጠይቅሽ ወድጄ አይደለም። ስልክ ላይ ስጠይቅሽ ሁሉንም «ደህና ናቸው» በሚል አንድ ቃል ጠቅልለሽ ትሰጭኛለሽ። ወረቀት ላይ ግን አንድ ባንድ መመለስ ግድ ነው።

እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደህና ስልሽ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሥራ እሄዳለሁ ማለቴ ነው። ካምሲን የሚሉት የሐምሌ ነፋስ መንፈስ ጀምሯል፤ ሃያብለ ያለችው ክፍሌ ቆርቆሮ ስለሆነች ቀን ቀን ሥራ ቦታ መዋሉ ይሻለኛል። አንዳንድ ቀን ሚኒባስ ውስጥ ላቤ ከአገጬ ሲንጠባጠብ የሌላ ሰው ላብ ይመስለኛል። ሲንጠባጠብ አየዋለሁ እንጂ አልጠርገውም።

ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልሽ ከይረዲን ይባላል፤ ከወደብ ማዳበሪያ የሚጭን ሾፌር ነው፣ የኮምቦልቻ ልጅ። ለአንቺ ለራስሽ በእጅሽ እንዲሰጥሽ አደራ ብዬዋለሁ፤ ሲመለስም መልስሽን ተቀብሎ ይመጣል። ምነው እንደ ሰው በስልክ ብትጽፊ ትይኝ ይሆናል። እታለሜ፣ ከፋሲካ ወዲህ የአባባን ድምፅ አልሰማሁም። ስደውል ተኝቷል። ስደውል ቤተ ክርስቲያን ሄዷል። ስደውል ገላውን ታጥቦ ፀሐይ እየሞቀ ነው። ሦስት ወር ሙሉ የሚተኛ፣ የሚሳለምና የሚታጠብ ሰው የለም። አለ ወይስ የለም የሚለውን ነው የምጠይቅሽ። ግን በጥያቄ ብቻ እንዳላስደነግጥሽ፣ ይህን እንድጠይቅ ያደረገኝን ነገር አስቀድሜ ልንገርሽ።

ሥራ መቀየሬን ታውቂያለሽ። ከፈረንጆቹ ቤት ወጥቼ አምቡሊ፣ ከደረቁ ወንዝ ዳር ባለ የአረጋውያን መጦሪያ ገብቻለሁ። አሥራ ስድስት ሽማግሌና አሮጊት አሉ፤ ሶማሌው፣ አፋሩ፣ የመኑ፣ ሐበሻው። የተቀጠርኩት ለጽዳት ነበር። ኃላፊያችን ማይሙና አንድ ቀን የተቀደደ አንሶላ ስጠቅም አየችኝና፣ ሰኞና ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ በረድ ሲል «አኒማሲዮን» የምትይዢው አንቺ ነሽ አለችኝ። በእኛ አፍ ሲፈታ ሽማግሌ ማጫወት ነው። አባባ የስፌት መኪናው ሥር አስቀምጦ መርፌ ሲያስይዘኝ፣ ጅቡቲ ድረስ እንጀራ ይሆናታል ብሎ አስቦ እንደሁ አላውቅም።

የመጀመሪያው ቀን ውርደት ነበር። ማይሙና ባለቀለም ወረቀት፣ የሕፃን መቀስና ሙጫ ገዝታ አበባ ቁረጡ አለቻቸው። ሁዳ የሚባሉ ሶማሌ እናት አሉ፤ ሁሉም ኤዶ ይሏቸዋል፣ አክስቴ እንደማለት ነው። መቀሱን አገላብጠው አዩና፣ «እኔ አሥራ አንድ ልጅ ወልጄ አሳድጌያለሁ፤ አሁን ደግሞ እናንተ እኔን ልታሳድጉኝ ነው?» ብለው ወረቀቱን አጣጥፈው ማራገቢያ አደረጉት። ሌሎቹም ተከተሏቸው። ያን ቀን አሥራ ስድስት ማራገቢያ ሠራን ማለት ነው። ማይሙና ፎቶ አነሳችው።

በሳምንቱ ኤዶ ሁዳ የዘንባባ ቅጠል አምጡልኝ አሉ። ቅጠሉን ውሃ ነክረው ምንጣፍ መሥራት ጀመሩ። አጠገባቸው ያሉት አፋሯ አሮጊት፣ አጎነጓነጉ እንዲህ አይደለም ብለው ነጠቋቸው። ከዚያ ወዲያ በእሱ ነው የሚጨቃጨቁት፤ ግድግዳ ሲያዩ ይውሉ የነበሩት ሁሉ ገሚሱ ለአንዷ፣ ገሚሱ ለሌላዋ እያደላ ገባበት። የሚጨቃጨቅ ሽማግሌ ምሳውን ይበላል። ይህን ከሥራው ተምሬያለሁ።

ከሐበሾቹ አንዱ ጋሽ ፀጋዬ ናቸው። እዚሁ የተወለዱ የባቡር ልጅ ናቸው፤ አባታቸው ሐዲድ ሲጠግኑ ኖረው ሞቱ፣ እሳቸው ደግሞ ጋራዡ ውስጥ መካኒክ ሆነው ጡረታ ወጡ። ሚስታቸው ከሞቱ ቆይተዋል፣ ልጅ የላቸውም። ያለቻቸው ድሬዳዋ የምትኖር ውብነሽ የምትባል ታናሽ እህት ብቻ ናት። ምንጣፍ የሴት ሥራ ነው ብለው ሁለት ወር ጀርባቸውን ሰጥተውን ከተቀመጡ በኋላ፣ አንድ ቀን አቡጀዴ ስዘረጋ አይተው እርሳስ ጠየቁኝ። የድሮውን ባቡር መንገድ ከጅቡቲ እስከ ድሬዳዋ ሣሉት። እሳቸው ይሥላሉ፣ የክሩን ቀለም ይመርጣሉ፤ እኔ እጠልፋለሁ። ሲያልቅ ለውብነሽ የግድግዳ ጨርቅ ሊሆን ነው።

በሳምንት ቢበዛ አንድ ጣቢያ ነበር የምንደርሰው። ሆልሆል ላይ ድልድዩ ብቻ ሦስት ሳምንት ፈጀብን። አንድ ቀን ማይሙና መኪና ለምና አሮጌው ባቡር ጣቢያ ወሰደችን። በሩ ተቆልፏል። ጋሽ ፀጋዬ በምርኩዛቸው እየጠቆሙ መስኮቱን ቆጠሩና፣ ዞረው «አራት ነው ብዬሽ ሦስት ጠልፈሻል» ብለው ሰው ፊት ተቆጡኝ። ቤት ስንመለስ ፈትቼ እንደገና ጠለፍኩት።

ሰውዬው መድኃኒት መዋጥ አይወዱም። ስለዚህ እኔ «ውብነሽ ትሙት፣ ይዋጡልኝ!» እላቸዋለሁ፤ እሳቸውም «እህቴን ጨረስሻት እኮ» እያሉ እየሳቁ ይውጣሉ። መጦሪያ ቤቱ በሙሉ ቃሉን ለመደው። ኤዶ ሁዳ እንኳ ከአማርኛ የሚያውቁት እሱን ብቻ ነው። ማይሙና ትርጉሙን ስነግራት ደነገጠች፤ የምትወዱትን ሰው እንዴት ሙት ትላላችሁ አለችኝ። ስለምንወደው ነው አልኳት።

ጾሙ ሲጋመስ፣ በመጋቢት መሆኑ ነው፣ የቢሮው ስልክ ጮኸና አማርኛ ነው ብለው ጠሩኝ። የውብነሽ ልጅ ዋለልኝ ነበር። «እናቴ አርፋለች፣ ትናንት ቀበርናት» አለኝ። ከዚያ ደግሞ፣ «እንዳትነግሪያቸው፤ ዘመድ በሌለበት ለሽማግሌ ሰው መርዶ አይነገርም፤ ለፋሲካ ሁለት ሽማግሌ ይዤ መጥቼ በወጉ አረዳቸዋለሁ» አለ። እሺ አልኩት። ምን ልበለው? ወጉ ነው።

ያን ጊዜ ጥልፉ አይሻ ጣቢያ ደርሶ ነበር። ፋሲካ መጣ፣ ዋለልኝ የጉዞ ወረቀት አላለቀልኝም ብሎ ቀረ። ለጰራቅሊጦስ አለ፣ ቀረ። እኛ አዲጋላ ደረስን፣ አልፈን ሽንሌ ገባን፤ ከሽንሌ ቀጥሎ ድሬዳዋ ነው። በየሳምንቱ ክር ይመርጣሉ፣ እኔ እጠልፋለሁ። አንድም ስፌት አልሳትኩም እታለሜ። ደረቴ ላይ ምንም አልነበረም። ይኼ ነው እንጂ ያሳሰበኝ፣ ውሸቱስ አላሳሰበኝም።

እዚህ ላይ የእማዬን ነገር ላንሳብሽ። አንስተነው አናውቅም። ሞቷን ሰባት ወር ደብቃችሁኛል። ሰባት ወር ሙሉ «እማዬ እንዴት ናት?» ስልሽ «ትስምሻለች» ትይኝ ነበር። ነጭ ሻሽ ልኬላት «ወደደችው» ብለሽኛል። ሻሹን ማን እንዳሰረችው ጠይቄሽ አላውቅም፣ አሁንም አልጠይቅሽም። በኋላ የማኅበራችን ሴቶች አርብ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ነጠላቸውን ዘቅዝቀው የፈረንጆቹን በር አንኳኩ። ሳያቸው ገባኝ። ተረዳሁ፤ ያዙኝ፤ አለቀሱልኝ። እኔ ግን ሁሉ ነገር አርጅቶብኝ ነበር፤ ለቀስተኞቹ ካለቀሱ፣ ሳር መቃብሯ ላይ ከበቀለ በኋላ ምኑን ላልቅሰው? ያን ቀን ምሳ ራሴ አቀረብኩ። አራት ዓመት ሆነው፤ እንባ የሚባል ነገር ከዚያ ወዲህ አልጎበኘኝም።

ይቅር ብዬሽም አልነበረም። ይኸው ዛሬ በግልጽ ነገርኩሽ። አሁን ግን እኔው ሠራሁትና እንዴት እንደሚሠራ አየሁት። የሚነገርበት ቀን የለም እኮ እታለሜ። አንድ ቀን ጋሽ ፀጋዬን ራሳቸውን ያማቸዋል፤ የታመመ ሰው መርዶ አይረዳም። በማግስቱ ደስ ብሏቸው ይነሳሉ፤ የተደሰተ ሰው እንዴት ይረዳል? እንዲህ እንዲህ ሲባል ሦስት ወር ሞላ። አንቺም እንዲህ ሆነሽ እንደነበር አሁን ነው የገባኝ።

በሰኔ አጋማሽ፣ ሰኞ ዕለት፣ መድኃኒታቸውን አልውጥም አሉ። «በማርያም ይዋጡልኝ» አልኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጨርቁ ላይ አስቀመጡና፣ «ፅዮን፣ ከጾሙ ወዲህ በውብነሽ መማል ተውሽ» አሉኝ። «በማርያም ለመንሽኝ፣ በሚካኤል ለመንሽኝ። ውብነሽን ግን አንድም ቀን አልጠራሻትም» አሉ። እውነታቸውን ነው። ሳላስበው ነው የተውኩት። የሞተን ሰው ትሙት ማለት አፌ እንቢ ብሎኛል፤ እኔ ክሩን፣ ፊቴንና ድምፄን ስጠብቅ፣ አፌን ሳልጠብቅ ኖሬያለሁ።

«መቼ ነው?» አሉኝ። «በመጋቢት» አልኩ። መርዶው እንዲህ ተነገረ፤ ጠዋት ሳይሆን ከሰዓት በኋላ፣ ሽማግሌ ሳይሰበሰብ፣ መርፌ በእጄ እንደያዝኩ። «አርባዋም ወጥቷል ማለት ነው» አሉ። ጨርቁን በእጃቸው ዳሰሱና፣ «እንግዲያው ለሞተች ሴት ነው ክር ስታስመርጪኝ የከረምሽው» አሉኝ። ቁጣ አልነበረበትም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ደግሞ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «ዋለልኝ የመጣ ዕለት እንዳልሰማሁ ሆኜ እቀመጣለሁ፤ ልጁ ወጉን ያድርስ፤ አንቺም ዝም በይ»። ይኸውና አሁን ተራው የእሳቸው ሆኗል፤ የሚደብቁት እሳቸው ናቸው።

ረቡዕ ዕለት ለአኒማሲዮኑ ስገባ ወንበሮቹ ተነስተዋል። ኤዶ ሁዳ እስከዛሬ የተሠራውን ምንጣፍ በሙሉ መሬት ላይ አስነጥፈው ሁሉንም አስቀምጠዋቸዋል፤ ጋሽ ፀጋዬን መሐል። ማን እንደነገራቸው አላውቅም። እስላሞቹ የቁርዓኑን ፋቲሐ ቀሩ፣ እኛ ሐበሾቹ አቡነ ዘበሰማያት ደገምን። ጋሽ ፀጋዬ በሶማልኛ፣ በየጣቢያው ውብነሽ ያደረገችውን አወሩ፤ ደወሌ ላይ ፍየል ያሳደዳትን፣ አዲጋላ ላይ ባቡሩ ጥሏት ሊሄድ ሲል በእሪታዋ ያስቆመችውን። ሰዉ ይስቃል፣ ያለቅሳል፣ ደግሞ ይስቃል። ማይሙና ለሪፖርቷ ፎቶ ልታነሳ መጣችና በሩ ላይ ቆማ «ዛሬ አኒማሲዮን የለም?» አለችኝ። «ይኸው ነው» አልኳት። ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ጫማዋን አውልቃ ተቀመጠች።

ሁሉም አለቀሰ። አብዛኛው የራሱን ሰው ነው ያለቀሰው መሰለኝ። እኔ ውሃ አዞርኩ። ጣሪያው ላይ ያለው ቬንቲላተር ሲዞር አንድ ቦታ ሲደርስ ቀጭ ይላል፤ እሱን ስሰማ ነበር። ኤዶ ሁዳ አጠገባቸው ስደርስ ፊቴን በሁለት እጃቸው ይዘው አዩኝና በሶማልኛ አንድ ነገር ተናገሩ። ጋሽ ፀጋዬ ተረጎሙልኝ። «እንባዋን ለማን ነው ያስቀመጠችው?» ነው ያሉት።

ሚኒባስ ውስጥ ወደ ሃያብለ ስመለስ አሰብኩት። አንቺ ድሮ በምን ነበር የምትምይልኝ? «አባባ ይሙት!» ለበርበሬው ጥራት አባባ ይሙት፣ ሲፈን ትናንት ላለችው ነገር አባባ ይሙት። እማዬ «አባትሽን በቁሙ አትቅበሪው» እያለች ስትቆጣሽ እሱ ጢሙ ሥር ይስቅ ነበር። ከፋሲካ ወዲህ የተነጋገርነውን ሁሉ አንድ ባንድ አስታወስኩ። ማርያምን ብለሻል። እኔ ልሙት ብለሻል። አንድ ጊዜ እንዲያውም ሲፈን ትሙት ብለሻል፤ በልጅሽ ምለሽ የማታውቂው። አባባ ይሙት ግን አላልሽም። አንድም ቀን። ሃያብለ ስደርስ መውረድ ረስቼ የመጨረሻው ፌርማታ ድረስ ሄድኩ።

ምናልባት እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። አርጅቶ፣ ጆሮው ደክሞ፣ ስልኩን መያዝ አቅቶት ሊሆን ይችላል። እንደዚያ ከሆነ፣ እባክሽ ዝም ብለሽ ፀሐይ ላይ አታስቀምጭው። ጭኑ ላይ ጨርቅ አድርጊለት። ዓይኑ ባያይም ጣቱ ያውቃል፤ አሮጌ ኮት ስጪውና ስፌቱን ይፍታልሽ፣ ቁልፍ በየዓይነቱ ለይልኝ በይው። ብቻ የልጅ ሥራ አትስጪው፤ ይከፋዋል። ሲሳሳት አርሚው፣ ይቆጣሽ፣ ተጨቃጨቂው። በቀን አንድ ሰዓት እንኳ ጎረቤት ጠርተሽ አብሯቸው ይቀመጥ። ይህን ሁሉ የምልሽ ካለ ነው።

ከሌለ ደግሞ፣ አደራሽን፣ የማኅበሩን ሴቶች አትላኪብኝ። ጠዋት በር የሚያንኳኳ ሰው አልፈልግም። ጊዜ እስኪመቻችልሽም አትጠብቂ፤ ያ ጊዜ እንደማይመጣ ሁለታችንም እናውቃለን። ሰባት ወር የሞተችውን እናቴን «እንዴት ናት?» እያልኩ ኖሬያለሁ፤ አባቴን ግን እንደዚያ አድርጌ መኖር አልችልም። ማዘን ካለብኝ ሰው ሁሉ ሲያዝን አብሬ ልዘን። ለእማዬ ያላለቀስኩትም እንዳለ ነው፤ ኤዶ ሁዳ ያሉት ይህን መሰለኝ። ጋሽ ፀጋዬ ድሬዳዋን ሥለው ጨርሰዋል፤ እኔ ግን መልስሽ እስኪመጣ መርፌ አላነሳም ብያቸዋለሁ። እሺ አሉኝ። ለምን ብለው አልጠየቁኝም።

እንግዲህ ሀይለየሱስን እግሩ ድረስ ዝቅ ብዬ እጅ ነስቻለሁ በይልኝ። ሲፈንን ጉንጮቿን ሳሚልኝ፤ አክስትሽ ፈተና ወደቅሽም አለፍሽም ትወድሻለች በያት። ዓለምሰገድ ከደወለ እህትህ አልሞተችም በይው። ጎረቤታችንን እማማ በለጡን ጉልበታቸውን ስሜያለሁ። የእማዬን መቃብር ለሚጠርጉት አባት፣ ስማቸውን ስለማላውቅ፣ እንዲሁ እግዜር ይስጥልኝ በይልኝ።

ለአባባ ሰላምታ አልጻፍኩም፤ ምን ብዬ እንደምጽፍ አላወቅሁም። አንቺ ጻፊልኝ። ረጅም መልስ አያስፈልግም፣ አንድ መስመር ይበቃኛል፤ «አባባ ይሙት፣ አባባ ደህና ነው» ብለሽ ማይልኝ። እጅሽ እንቢ ካለሽ ግን ሌላ ምንም ነገር አትጻፊ። ባዶውን ወረቀት አጥፈሽ ለከይረዲን ስጪው፤ አነበዋለሁ።

እህትሽ ፅዮናዊት
ጅቡቲ፣ ሃያብለ
ሐምሌ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.